እትዬ ብርቅነሽን ፍለጋ

በልጅነቴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ «የአረቡ ልጅ!» ብሎ የሚጣራ ሲኖር ዞር የምለው እኔ ነበርኩ። አረቡ ማለት አባቴ ሳልህ ነው፤ ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ልደታ ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተ፣ ላምባና ሳሙና፣ ስኳርና ቴምር የሚሸጥ ሰው። እናቴ ነፊሳ የስልጤ ልጅ ናት። እኔ ሰዓዳ ለሁለቱም አንድ ነኝ። የተወለድኩት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። የላምባ ሽታ ሽው ሲል ሌላው ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ እኔ እስከ ዛሬ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከጅቡቲ የተነሳንበት ባቡር አዋሽን አልፎ ወደ ደጋው መውጣት ሲጀምር አርፎ መቀመጥ አቃተኝ። ስልሳዎቹን ካጋመስኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ቢሆንም ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስመላለስ፣ አጠገቤ የነበረችው ወጣት ግራ ተጋብታ «እማማ፣ የጠፋብዎት ዕቃ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም ልጄ፣ ልደርስ እኮ ነው!» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በመስኮቱ የገባው አየር ቀዝቀዝ ያለ፣ የዝናብና የአፈር ጠረን ያለው ነበር። ያንን አየር አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

አገሬን ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሁዴይዳ በምትባለው የቀይ ባሕር ዳር ከተማ ብዙ ዘመን ኖርኩ። እዚያው አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናትና አባቴን ቀበርኩ፣ ባሌንም ቀበርኩ። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ጅቡቲ የሚሠራው ልጄ ጋ ተጠጋሁ። ጅቡቲ ስገባ አዲስ አበባ ድንገት ጎረቤት ሆነችብኝ። ሰው ሁሉ በባቡር ሲሄድና ሲመጣ እያየሁ እንዴት ልቀመጥ? ልጄ «ማንን ልታገኚ ነው እማ?» አለኝ። «እትዬ ብርቅነሽን» አልኩት። «እስካሁን በሕይወት አሉ ብለሽ ነው?» አለኝ። በእኔ ልብ እትዬ ብርቅነሽ ሁልጊዜም ከስፌት መኪናቸው ኋላ እንደተቀመጡ ናቸውና፣ ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እትዬ ብርቅነሽ ከሱቃችን አጥር ለአጥር የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው አስቴር እኩያዬ ናት። በአንድ ሳምንት ልዩነት የተወለድን ነን እየተባልን ነው ያደግነው። ክረምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ፣ ያ ቤት ከወለል እስከ ጣራ ካኪ ጨርቅ ይሞላል። እኔና አስቴር ከመኪናው ሥር ገብተን ቁርጥራጩን እየለቀምን አሻንጉሊት እንሠራለን፤ ከላያችን መርገጫው ጧ ጧ ጧ ይላል፤ የመኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለ። እትዬ ሥራቸውን ሳያቋርጡ «ጣታችሁን! ጣታችሁን አርቁ ብያለሁ!» ይሉናል። እንዴት እንደሚያዩን አናውቅም። ዓይናቸው መርፌው ላይ ነው።

እናቴ ለመውሊድ ምግብ ስትሠራ አስቴር እኛ ቤት ናት። በፋሲካ ደግሞ እኔ እነሱ ቤት ነኝ፤ ለእኔ ብለው አባቴ የባረከውን ዶሮ ለብቻ ይሠሩልኛል። አባቴ አማርኛ ከለመደ ብዙ ዘመኑ ቢሆንም የሴትና የወንዱ ነገር ፈጽሞ አልያዝልህ ብሎታል። እኔን «አንተ ሰዓዳ፣ ና!» ይለኛል። የእትዬን ባል ጋሽ ታደሰን ደግሞ «እንዴት አደርሽ ታደሰ?» ይላቸዋል። ጋሽ ታደሰ ረጅም፣ ባለ ሪዝ፣ ኮስታራ ሰው ናቸው። ኮታቸውን እያስተካከሉ «ደህና አድሬያለሁ፣ አንተስ ሳልህ?» ብለው ያልፋሉ። አንድም ቀን አርመውት አያውቁም።

ጋሽ ታደሰ የልደታው አውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። ያኔ ልደታ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ነበራት። ከቆርቆሮ ጣራችን በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ የሱቁ ቆርኪና ጠርሙስ ይንቀጠቀጣል፣ ውሾች ይጮኻሉ፣ እኛ ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞውን ትተን እጃችንን እያውለበለብን ወደ ሜዳው አጥር እንሮጣለን። አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ እኔንና አስቴርን አጥሩን አሳልፈው አስገቡን። የቆመ አውሮፕላን ክንፍ በእጄ ነካሁ። ፀሐይ ስላረፈበት ይሞቅ ነበር። አስቴር «እኔ ይህን ነው የምነዳው» አለች። እኔም «እኔ ደግሞ ውስጥ ቁጭ እላለሁ» አልኩ። እሷ እየነዳች፣ እኔ ተቀምጬ፣ የት እንደምንሄድ ለብዙ ቀን ተከራከርን። ከሁለታችን ማን ርቆ እንደሚሄድ ያን ቀን ማን ያውቃል?

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። ንግዱ እየከበደ መጣ። የአባቴ አገር ሰዎች አንድ በአንድ ሱቃቸውን እየዘጉ ሄዱ። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዝም ይላል። አንድ ቀን እናቴ ዕቃ መጠቅለል ጀመረች። ነገሩን ማንም አልነገረኝም፤ የገባኝ ቀይ ምንጣፋችን ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሞ ሳየው ነው። ለአስቴር ነገርኳት። እሷ ነገር የምታበዛ ልጅ አይደለችም። «እኛ ቤት ትደበቂያለሽ» አለችኝ። ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የምንሄድበት ቀን ጎህ ሲቀድ፣ እናትና አባቴ ጋሪው ላይ ዕቃ ሲያስጭኑ፣ በባዶ እግሬ ሾልኬ ወጣሁ። አስቴር በሩን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። አልጋ ሥር፣ ከካኪ ጨርቅ ክምር ኋላ ገባሁ። ባቡሩ ካመለጠን አንሄድም ብዬ ነበር የማስበው። አባቴ ስሜን እየጠራ ሰፈሩን ሲዞር ሰማሁት፤ «ሰዓዳ! አንተ ሰዓዳ!» ድምፁ መጀመሪያ የቁጣ ነበር፤ በኋላ ግን የፍርሃት ሆነ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የእትዬ ብርቅነሽን እጅ ነው። ከአልጋው ሥር ክንዴን ይዘው ሳቡኝ። አልተናገሩም፤ አልሳሙኝም። አስቴር ቀሚሳቸውን ይዛ እየጮኸች ወስደው ለእናቴ ሰጡኝ፤ ከዚያ ጀርባቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ በሩን አየሁ። ዞር ብለው አላዩኝም።

ያ ጀርባ አብሮኝ ሄደ። በባቡሩም፣ በመርከቡም፣ ሁዴይዳም። ሠርጌ ቀን ሳይቀር ትዝ ብሎኛል። ልጅ ሆኜ እትዬ ጠልተውኝ ይሆን ወይ እያልኩ እናቴን እጠይቃት ነበር። እናቴ «ብርቅነሽ?» ትላለች፤ ትንፋሿን ዋጥ ታደርግና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ባለፈው ሚያዝያ ከባቡር ጣቢያው ወጥቼ ታክሲ ውስጥ የገባሁት። ሹፌሩ ግርማ ይባላል፤ ፀጉሩ ከፊት ገባ ያለ፣ ጎልማሳ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

«ወዴት ልውሰድዎ ማዘር?»

«ጌጃ ሰፈር ያድርሱኝ ጌታዬ።»

በመስታወቱ አየኝ። «ጌታዬ? ማዘር፣ በዚህ ሥራ ላይ ያልተባልኩት የለም። ጌታዬ ያለኝ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። ይህ አማርኛ ከየት መጣ?»

«ከእናቴ ነው። ውጭ አገር ስንኖር ከእሷ ጋር ብቻ ነበር የማወራው።»

«ታዲያ ጌጃ ሰፈር ማን ጋ ነው?»

«ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እትዬ ብርቅነሽ። ከአረቡ ሱቅ አጠገብ።»

ግርማ በመስታወቱ እንደገና አየኝ። «የአረቡ ሱቅ» ብሎ ደገመው። «ማዘር፣ ከሄዱ በጣም ቆይተዋል መሰለኝ። አይደንግጡብኝ እንጂ ጌጃ ሰፈር ብዙው ፈርሷል።»

ልጄም ነግሮኝ ነበር፤ በስልክም ሥዕሉን አሳይቶኛል። ግን ልደታ ስንደርስ ያየሁትን ሥዕል አያሳየውም። ባቡር በራሴ ላይ፣ በድልድይ ላይ አለፈ! ከሥሩ መኪናው ይርመሰመሳል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ስንሯሯጥበት በነበረው ጭቃ ላይ ፎቅ በፎቅ ተደርድሯል። በየሰገነቱ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሳህን መሳይ የቴሌቪዥን አንቴና ተተክሏል። ሳየው አለቅሳለሁ ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር። የመጣብኝ ግን ሳቅ ነው። እንደ ሕፃን «ያ ምንድን ነው? ያኛውስ?» እያልኩ ግርማን አደከምኩት። እሱም እንደ አስጎብኚ «ይኼ ፍርድ ቤት ነው፣ ያ ኮንዶሚኒየሙ ነው» ይለኛል። ድንገት ከሕንፃዎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ሲል ጌታዬ ማለቱን ረሳሁት። «ልደታ ማርያም! ቁም! ቁም እዚህ ጋ!»

ወረድኩ። በልጅነቴ ለሰው መንገድ ስናሳይ ከቤተ ክርስቲያኑ ነበር የምንነሳው። ፊቴን ወደዚያው መለስኩ፣ ዞርኩ፣ ቁልቁል ሄድኩ፣ እንደገና ታጠፍኩ። ሱቃችን ይሆናል ባልኩት ቦታ ላይ መኪና ቆሟል፤ አጠገቡ አንዲት ልጅ በመኪናው መስታወት ፀጉሯን እያስተካከለች ነው። «እዚህ ጋ ነው የተወለድኩት» አልኳት። ልጅቱ ደንግጣ «እዚህ? ፓርኪንጉ ላይ?» አለችኝ። ግርማ ከኋላዬ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ «ብርቅነሽ? አብነት ሰፈር ሱቅ ያላት ናት» አሉን። ወደ አብነት ከነፍን። ግርማ በጠባቧ መንገድ ውስጥ በብረት ብየዳ ቤቶች መካከል መኪናውን እያጥመለመለ አንዲት ትንሽ ሱቅ ፊት አቆመ። «ወይዘሮ ብርቅነሽን ነበር» አልኩ። ከሽንኩርቱ ክምር ኋላ አንዲት ደርባባ፣ ቀይ፣ የሃምሳ ዓመት ሴት ብድግ አለች። «ብርቅነሽስ እኔ ነኝ» አለች፤ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የፈለጓት ግን እኔን አይደለም አይደል?»

በሩ ላይ ተደገፍኩ። ሴትዮዋ ይህን ስታይ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችኝ፤ ውኃ ሰጠችኝ፤ ታሪኬን ሰማች። ከሰማች በኋላ ጉዳዩ የራሷ ሆነ። ግርማን «አንተም ግባ፣ ምን ቆመሃል?» አለችው። ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ስልኳን አወጣች። ድምፁን ለሁላችንም ከፍታ አንዱን ስትጨርስ ለሌላው ትደውላለች። «ልብስ ሰፊ ብርቅነሽ፣ የድሮ የጌጃ ሰፈር ሰው፣ ባላቸው ኤርፖርት ጥበቃ የነበሩ!» በየመሃሉ እኔንና ግርማን እንጀራ በሽሮ ታጎርሰናለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ብርቅነሽ ነው። አንዷ ወተት የምትሸጥ፣ አንዷ ጠበቃ ናት። ተስፋ እየቆረጥኩ ሳለሁ አንዲት ሴት በስልኩ ውስጥ «ቆይ፣ የአስቴር እናት አይደሉም እንዴ?» አለች።

በርጩማውን ገልብጬ ተነሳሁ። «አስቴር! አዎ አስቴር!»

«እነሱማ ሰፈሩ ሲፈርስ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገብተዋል» አለች ሴትዮዋ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እማማ ግን ባለፈው ጠንቶባቸው ነበር። አሁን እንዴት እንደሆኑ አልሰማሁም» ብላ የሕንፃውን ቁጥር ነገረችን።

የአብነቷ ብርቅነሽ አብራን መኪና ውስጥ ገባች። «እንግዲህ ሳላይማ አልቀርም» አለች። ግርማ መኪናውን አስነሳ። መጀመሪያ ቆሜበት የነበረውን ፓርኪንግ አልፈን ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ሥር ስንቆም ጠዋት እነሱ ከላይ ሆነው እኔ ከታች ስዞር እንደነበር ገባኝ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። የብረት ዘንጉን ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ብርቅነሽ ከኋላዬ «ቀስ፣ ቀስ ይበሉ» ትለኛለች። ለእኔ ግን የምሮጥ ነው የሚመስለኝ።

በሩን የከፈተችው ሽበታም፣ መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን ሴት ናት። በአንድ እጇ የወጥ ማንኪያ ይዛለች። ሦስታችንን አየች። «ማንን ፈለጋችሁ?» አለች። ያ ነገር የማያበዛ አፍ ራሱ ነው። እንደምንም «አስቱ» አልኩ።

አፍጥጣ አየችኝ። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። «ሰዓዳ!» አለች። ቀጥላ እንዲህ ጮኸች፦ «ሰዓዳ! ሰዓዳ ናት! የአረቡ ልጅ መጣች!» የጎረቤት በሮች ሁሉ ተከፈቱ። አስቴር አቅፋኝ ጀርባዬን በቡጢ ትደበድበኛለች። «የት ነበርሽ አንቺ? ኧረ የት ነበርሽ?» ሁለታችንም እያለቀስን እየሳቅን፣ የትኛዋ እያለቀሰች የትኛዋ እየሳቀች እንደሆነ አይታወቅም። የአብነቷ ብርቅነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ግርማ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ ዓይኑን ይጠርጋል።

«እትዬስ?» አልኩ በመጨረሻ። ልጠይቅ ፈርቼ ነበር።

አስቴር እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። እትዬ ብርቅነሽ ከመስኮቱ ሥር አልጋ ላይ፣ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ያ ሁሉ ሰውነት ሟሙቶ አንድ ፍሬ ሆነዋል። ዓይናቸው ፈዟል። ጫጫታውን ሰምተው ኖሮ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። «ማን ነው የመጣው?» ይላሉ።

«እማዬ፣ ሰዓዳ ናት። የሳልህ ልጅ፣ ሰዓዳ» አለቻቸው አስቴር ወደ ጆሮአቸው ተጠግታ።

አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። እጃቸው መጥቶ ፊቴን ዳሰሰ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ በሻሹ ሥር ጆሮዬን። ያ ክንዴን ይዞ የሳበኝ እጅ ነው። አሁን ወረቀት ይመስላል።

«አባትሽ አለ?»

«አርፏል እትዬ።»

«ነፊሳስ?»

«እሷም አርፋለች።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ጠየቁኝ። «ተቀይመሽኛል ልጄ?»

«በምን እትዬ?»

«አውጥቼ ስሰጥሽ።»

እሳቸው ቀጠሉ። «አባትሽ ያን ቀን እኔ ቤት እንዳለሽ አውቋል። ወደ ውጭ ጠርቶኝ በሩ ላይ ቆመ። እያለቀሰ ነው። 'ብርቅነሽ፣ ልጅ እምቢ አለ። ልጅ በገመድ አላስርም። ካልወጣ አንተ ጋ ይኑር፣ ከአስቴር ጋር አሳድግ' አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። በልቤ 'ተመስገን፣ ሁለት ልጅ አለኝ' አልኩ። ታደሰም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተይ አላለኝም። ልተውሽ ነበር።»

ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አባቴም እናቴም አልነገሩኝም። አስቴርን አየኋት። እሷም አፏን በእጇ ይዛለች፤ አልሰማችም ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን?» አልኩ።

«በመስኮት አየሁ። እናትሽ ጋሪው አጠገብ ቆማለች። አታለቅስም፣ አትጮኽም። ጫማሽን በእጇ ይዛለች። በባዶ እግርሽ ነበር የመጣሽው። እንዲሁ ጫማሽን አቅፋ ቆማለች። እኔ እናት ነኝ፤ ያንን አይቼ አልቻልኩም። ሳወጣሽ አንድ ቃል ብናገር፣ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ባይሽ አልሰጥሽም ነበር። ስለዚህ አልዞርኩም። አንቺ ግን ልጅ ነሽ፤ ይህ አይገባሽም። ከዚያ ወዲያ ሁሌም፣ የሰው ልጅ ከሞቀ ቤት አውጥቼ ወደማታውቀው አገር ሰደድኩ እያልኩ ስጨነቅ ኖሬያለሁ።»

ያ ጀርባ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩት ጀርባ፣ እዚያው አልጋ አጠገብ ፊቱን አዞረልኝ።

«እትዬ፣ ይስሙኝ» አልኩ። «እናቴ አረብኛው አልገራላት እንዳለ ነው የሞተችው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፣ ጎረቤት አትግባባም። በዚያ ሁሉ ዘመን በአገሯ ቋንቋ የምታናግረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ እርስዎ የምታወራው ከእኔ ጋር ነው፤ ስትስቅም ከእኔ ጋር ነው። ያን ቀን እዚህ ብቀር ኖሮ እናቴ ከማን ጋር ታወራ ነበር? ደግ አደረጉ። ደግ ነው ያደረጉት።»

እትዬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ ወሰዱት። ደረታቸው ውስጥ ልባቸው እንደ ወፍ ይመታል። የአብነቷ ብርቅነሽ ንፍጧን እየሳበች «ኧረ ወጡ አረረ!» ብላ ወደ ማእድ ቤት ሮጠች። ሁላችንም ሳቅን። እትዬም ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

ሲመሻሽ ከግቢው የሰው ድምፅ መጣ። የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነው። የሕንፃው ሰዎች በጋራ ግቢያቸው ውስጥ እሳት አንድደው፣ ትልቅ ድስት ጥደው፣ ንፍሮ እየቀቀሉ ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ከታመሙ ጀምሮ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን «አውርዱኝ» አሉ። አስቴር ተቆጣች። እሳቸው አልሰሟትም። በመጨረሻ ግርማና አንድ ጎረቤት በወንበር ተሸክመው በአራቱ ፎቅ ደረጃ አወረዷቸው፤ እኔና አስቴር ከፊት ሆነን «ቀስ! ግድግዳውን! ቀስ!» እያልን እንመራለን። የአብነቷ ብርቅነሽ ደግሞ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ታሪኬን ከመጀመሪያው ትተርካለች።

እሳቱ አጠገብ ተቀምጬ አካባቢውን አየሁ። በልጅነቴ ልደታ ውስጥ ገብቼበት የማላውቀው ቤት አልነበረም፤ የየቤቱን ውሻ በስሙ እጠራ ነበር። ዛሬ ከዚህ ሁሉ መስኮት ውስጥ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። ያኔ ሰው በአጥር ተንጠራርቶ ይጠራራ ነበር፤ አሁን ከሰገነት ወደ ታች ይጣራል፤ «ማሙሽ፣ ጨው ይዘህ ና!» የሚለው ጩኸት ግን ያው ነው። የቆርቆሮው ጣራ ናፈቀኝ፣ አልዋሽም። አባቴ በሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰውን ሁሉ በተሳሳተ ጾታ ሰላም ሲል ናፈቀኝ። እንዲህም ሆኖ ልቤ በሐዘን አልከበደም፤ ሊሮጥ እንደተዘጋጀ ልጅ ይዘልብኝ ነበር። አስቴር ከጎኔ ሆና ጆሮዬ ውስጥ ታንሾካሹካለች፤ ነገ የት እንደምትወስደኝ፣ ከነገ ወዲያ ማን ጋ እንደምንሄድ። ያቺ ነገር የማታበዛ ልጅ አፏ አልገጠም አለ።

አንዲት ወጣት እናት፣ ልጇን አዝላ፣ ንፍሮ በሳህን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ለእትዬ ሰጠች፤ ከዚያ እኔን አየችና ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ እንግዳ አለዎት። ማን ናቸው?»

«እንግዳ አይደለችም» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፣ ንፍሮውን ከሳህናቸው ዘግነው እጄ ውስጥ እያደረጉ። «ልጄ ናት። ትንሽ ቆየችብኝ እንጂ፣ መጣች።»